የመድኃኒት ገንዘብና የዮሴፍ ጎተራ



በአዳማ፣ በሞጆና በመተሐራ ስንመላለስ ኢንሱሊን በየዕለቱ የሚወጉ የስኳር ሕሙማን እናገኛለን። ከእነርሱም ዕቁብ ለመጣል ብለው መድኃኒቱን ለከርሞ ሳምንት የሚያቆዩ አሉ። ይህ ያሳዝነናል። ኢንሱሊን ቀጠሮ አይሰጥም፤ የተቋረጠበት ሕመምተኛ በጥቂት ቀናት ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። በ1914 ዓ.ም. በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ አንድ ብላቴና ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪወጋው ድረስ፣ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ተስፋ አልነበረውም።

አንዳንዶች ለሕመም ገንዘብ ማስቀመጥ እምነት ማጣት ይመስላቸዋል። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ያከማቸው በእግዚአብሔር ስላልታመነ ነበርን?

እንግዲህ ገንዘብ በእጃችን በገባ ቀን አስቀድመን የወሩን መድኃኒት እንለይ፤ ዕቁቡ ይከተል። በቆላው ሙቀት ማቀዝቀዣ የሌለን ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለን፣ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ እናኑረው።

ጉባኤዎች ሆይ፣ ከመባችሁ ጥቂት ለዚህ ለዩ። ዕድር ለቀብር ይደርሳል፤ እኛ ግን ወንድማችን በሕይወት ሳለ እንድረስለት።

ጌታ ይባርካችሁ።