የሙዚቀኛ ቤት ለምን ይጎበኛል?

እሷ፦ እንጦጦ የወጣ እንግዳ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ይጎበኛል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ያም ሆኖ ስለ ዘመኑ ብዙ ይናገራል። ለሙዚቀኞቻችን ቤት ግን ይህን ያህል አለመጨነቃችን ያሳዝነኛል።

እሱ፦ ሙዚቃው እኮ በሸክላና በካሴት ቀርቷል፤ ቤቱ ምን ይጨምራል? ብዙዎቹስ የኖሩት በተራ ቤት አይደል?

እሷ፦ ተራነቱ ነው ቁም ነገሩ። ሉዊ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ በ1971 እስኪሞት የኖረው ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ባለ ተራ የጡብ ቤት ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ ጎብኚው በየክፍሉ ሲያልፍ ሰውየው ራሱ በቴፕ የቀዳውን ድምፅ ይሰማል። ኪንግስተን በሚገኘው የቦብ ማርሊ ቤት ግድግዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 ሊገድሉት የሞከሩ ሰዎች የተኮሱት ጥይት ቀዳዳ ይታያል። ይህን ሸክላ አይነግርህም። የእኛዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በ2023 እስኪያርፉ ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ፣ በጠባብ ክፍል ከፒያኖአቸው ጋር ኖረዋል። ያን ክፍል ያየ ሰው ሙዚቃቸው ከምን ዓይነት ጸጥታ እንደወጣ ይገባዋል።

እሱ፦ ቤተሰብ በሚኖርበት ቤት ቱሪስት ማስገባት ግን ይከብዳል።

እሷ፦ ያለ ፈቃድማ አይሆንም፤ በዚህ እስማማለሁ። በር ላይ ስምና ዘመን የያዘ ሰሌዳ መስቀል ግን ማንንም አይረብሽም። አዲስ አበባ በየቀኑ እየፈረሰች እየተሠራች ስለሆነ ጊዜ የለንም። የከተማው ባህል ቢሮ ቤተሰቦችን ያነጋግር። እናንተም አድማጮቻችን፣ በሰፈራችሁ ሙዚቀኛ የኖረበት ቤት ካለ ሳይፈርስ ለወረዳችሁ አሳውቁ።