የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን በደጋ መንገድ



ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ መንገደኛ የደቡብ ወሎን ብርዳም ደጋ እያቋረጠ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከመካነ ሰላም በስተምዕራብ ደግሞ ቦረናን ከጎጃም የሚለየው የዓባይ ሸለቆ ይገኛል። ዳገቱ፣ ጠመዝማዛውና ጉሙ የተሽከርካሪን ፍጥነት ይገታሉ። አንድ መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ 80 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል።

የሰው አካል ግን ይህን ያህል አይታገሥም። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም 5 ሊትር ያህል ነው፤ ከዚህም 2 ሊትሩ ቢፈስ ሕይወቱ በብርቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ትልቅ የደም ሥር የተቆረጠበት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ በሁለቱ ሰዓትና በጥቂቶቹ ደቂቃዎች መካከል ያለውን ክፍተት ሊሸፍን የሚችለው በመኪናው ውስጥ ያለው ሣጥንና ሣጥኑን የሚከፍተው እጅ ነው።

በሣጥኑ ውስጥ ሊገኝ የሚገባው ዕቃ ብዙም ውድ አይደለም፤ ይኸውም ንጹሕ ጎዝ፣ ሰፋፊ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ጓንት፣ መቀስ፣ የተሰበረ ክንድ ማንገቻ የሚሆን ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅና የእጅ ባትሪ ነው። ከዚህም ጋር ብርድ ልብስ ሊያዝ ይገባል። ደም የፈሰሰው ሰው ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ የደሙ የመርጋት ኃይል ይቀንሳልና፣ በደጋ አገር ብርድ ልብስ ከፋሻ እኩል ያስፈልጋል።

አጠቃቀሙም ቀላል ነው። የሚደማ ቁስል በጎዝ ተሸፍኖ፣ ሳይለቀቅ፣ በእጅ አጥብቆ ይጫናል። ጎዙ በደም ቢርስ ሌላ ይደረብበታል እንጂ አይነሣም። በየቦታው እንደሚታየው የቡና ዱቄት መነስነስ ግን ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። አከርካሪው ተጎድቷል ተብሎ የሚጠረጠር ሰውም እሳት ወይም ሌላ የቅርብ አደጋ ካላሰጋው በስተቀር ከወደቀበት ሊጎተት አይገባውም።

ይሁን እንጂ ሣጥኑ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ከጭነት ሥር የተቀበረ ወይም ፋሻው አልቆ ያልተተካ ሣጥን ከባዶ ቆርቆሮ አይለይም። መሐንዲስ ድልድይ ሲነድፍ የጎርፉን መጠን አስቀድሞ ያሰላል፤ ወደ ሥራ ቦታ ሠራተኞችን ሲያሰማራም አደጋውን በዚያው ጥንቃቄ ሊያስብ ይገባዋል። ስለሆነም እያንዳንዱ የመስክ ጓድ ከመነሣቱ በፊት ነዳጁንና ትርፍ ጎማውን ሲመረምር ሣጥኑንም ይክፈት። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ ከሾፌሩ ሌላ ቢያንስ አንድ ተጓዥ ይህን ትምህርት ሊያገኝ ይገባል፤ የሚጎዳው ሾፌሩ ራሱ ሊሆን ይችላልና።