በዝላይና በሩጫ ጊዜ ስለሚያመልጥ ሽንት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራንና ለአሠልጣኞች የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ሴቶች ስፖርትና ጤንነት አንድ ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ ርእሱን እኔው እንድመርጥ ፈቀዱልኝ። የመረጥሁትን ስነግራቸው ግን ጥቂት ዝምታ ሆነና ከመካከላቸው አንዱ «ከዚህ ሌላ ርእስ አይገኝም?» ሲሉ በትሕትና ጠየቁኝ። ይገኛል። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ደም ማነስ፣ ስለ አመጋገብ መናገር ይቻል ነበር። ስለ እነዚያ የሚናገር ሰው ግን በየዓመቱ አይታጣም። አሁንም ርእሱ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ጫማችሁን መመልከት እንደ ጀመራችሁ ከዚህ ሆኜ አያለሁ፤ ተማሪዎቻችሁም እንዲሁ አንገታቸውን ስለሚደፉ ነው ነገሩ እስከ ዛሬ ሳይነገር የቆየው።

በሙያዬ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከአክስቷ ጋር ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። የትምህርት ቤቷ የቅርጫት ኳስ ቡድን ተጫዋች ስትሆን በልምምድ ላይ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር። ደሟ ቢመረመር ደኅና ነው፤ ልቧም ጤነኛ ነው፤ ከንፈሯ ግን ደርቋል። በዕለቱ ምን እንደ ጠጣች ብጠይቃት ከማለዳ ጀምሮ አንዲት ጉንጭ ውሃ እንዳልቀመሰች ነገረችኝ። «ጾም ይዘሽ ነው?» አልኋት፤ አይደለም። አክስቷን ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ከሸኘሁ በኋላ ብዙ ቆይታ፣ «ሲስተር፣ ስዘል ያመልጠኛል» አለችኝ። ወዲያውም አስከትላ፣ «ፊስቱላ ይዞኝ ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ። ወልዳ አታውቅም፤ ወንድም አታውቅም። ስለዚህ ጉዳይ በሕይወቷ የሰማችው ብቸኛ ቃል ግን ያ ነበር።

መምህሯ በየልምምዱ መካከል ወደ ሽንት ቤት መመላለሷን እንደ ስንፍና ቆጥሮ ከቡድኑ እንደሚያስወጣት ሁለት ጊዜ ዝቶባት ኖሯል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። እርሷም ለመምህሯ ከመናገር ይልቅ ውሃ መተውን መረጠች።

ይኸን ምርጫዋን ለመረዳት ቋንቋችንን ማዳመጥ ይበቃል። በአማርኛ ፈሪውን ሰው ስንሰድበው «ሽንታም» እንለዋለን። እንግዲህ ከቡድኑ ሁሉ ቀድማ ለኳስ የምትዘልል፣ ከማንም ጋር ትከሻ ለትከሻ የምትጋፋ ደፋር ልጅ በዚያው ዝላይ ምክንያት የፈሪ ስም የምታገኝ ሲመስላት ምን ታድርግ? በሌላ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል ያከናወነው ታላቅ ሥራ ስለ ፊስቱላ አገሩን ሁሉ አስተምሯል። ትምህርቱ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሆኖም ሽንት የሚያመልጣትን ሴት ሁሉ በዚያው ስም የመጥራት ልማድ በሕዝቡ ዘንድ ቀርቷል። ፊስቱላ ከረጅምና ከተደናቀፈ ምጥ የተነሣ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ሲከፈት የሚመጣ ነው፤ ሽንቱም ሌት ተቀን ያለማቋረጥ ይፈስሳል። እኛ ዛሬ የምንነጋገርበት ግን ስትዘልል፣ ስትሮጥ፣ ስታስል ወይም ስትስቅ ብቻ ጠብ የሚለውን ነው። ሁለቱ በምክንያትም በሕክምናም የተለያዩ ናቸው።

ይኸ ነገር የወላዶችና የአሮጊቶች ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም በትምህርት ላይ ሳለሁ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ኢንግሪድ ናይጋርድ የተባሉ የማሕፀን ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ የሚወዳደሩ፣ ወልደው የማያውቁና አማካይ ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት ያህል የሆነ ስፖርተኞችን ጠይቀው ያገኙትን አሳተሙ። ከመለሱት መካከል 28 በመቶ የሚሆኑት በስፖርታቸው ላይ ሳሉ ሽንት እንደሚያመልጣቸው ተናገሩ። በየስፖርቱ ሲከፋፈል ደግሞ ከጂምናስቲክ ተወዳዳሪዎች 67 በመቶ፣ ከቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች 66 በመቶ፣ ከሯጮችና ከሌሎች የአትሌቲክስ ተወዳዳሪዎች 29 በመቶ፣ ከዋናተኞች 10 በመቶ ሲሆኑ ከጎልፍ ተጫዋቾች አንዲትም አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ የስዊድን ጥናት ደግሞ ትራምፖሊን በሚባለው በሚያነጥር ሸራ ላይ የሚዘልሉ 35 ልጃገረዶችን መርምሮ 28ቱ በልምምድ ጊዜ ሽንት እንደሚያመልጣቸው አገኘ። ከእነርሱ መካከል የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ዝላዩ በበረታ ቁጥር ማምለጡም እንደሚበዛ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ምክንያቱን ለማስረዳት ከጠፍር አልጋ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በዳሌ አጥንቶች መካከል፣ ከፊት ከብልት አጥንት ተነሥተው እስከ ኋላ የጅራት አጥንት ድረስ እንደ ጠፍር የተወጠሩ ጡንቻዎች አሉ፤ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ይባላሉ። ፊኛ፣ ማሕፀንና የታችኛው አንጀት ያረፉት በእነርሱ ላይ ነው። ሰው ሲሮጥ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር የክብደቱን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚያህል ኃይል ወደ ሰውነቱ ይመለሳል፤ ከከፍታ ዘልሎ ሲያርፍማ ከዚያም ይበልጣል። በዚያው ቅጽበት የሆድ ውስጥ ግፊት ከፍ ብሎ ፊኛውን ይጫነዋል። ጠፍሩ በሰዓቱ ከተወጠረ የሽንት ቧንቧው ተጨፍኖ ይዘጋል፤ ከላላ፣ ከደከመ ወይም ጥቂት ከዘገየ ግን ሽንቱ ያመልጣል። ስለዚህም ነው ብዙዎቹ ልጆች በልምምዱ መጀመሪያ ደኅና ሆነው በመጨረሻው ሩብ ሰዓት የሚቸገሩት። የጭኗና የሆዷ ጡንቻ ብርቱ የሆነ ስፖርተኛ የዳሌዋ ወለልም እንዲሁ ይበረታል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ለብቻው ሊሠለጥን የሚገባው ጡንቻ ነው፤ ጠፍር ሲላላ እንደገና እንደሚጠፈር ሁሉ ይኸም ይጠናከራል።

ሕክምናው የእናንተው ሙያ ነው ብል አላጋነንሁም፤ ጡንቻን ማሠልጠን ነውና። አሜሪካዊው የማሕፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ይኸን ልምምድ በጽሑፍ ካስተዋወቁ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። ኖርዌያዊቷ የፊዚዮቴራፒ ሊቅ ካሪ ቦና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ልምምዱን በኤሌክትሪክ ከማነቃቃት፣ በብልት ውስጥ ከሚያዝ ክብደትና ሕክምና ካለማድረግ ጋር አነጻጽረው ልምምዱ ከሁሉም በልጦ አገኙት። ብርቱ ስፖርት በሚሠሩ ሴቶች ላይ ብቻ የተደረጉት ጥናቶች ግን ጥቂቶችና ትንንሾች መሆናቸውን አልሸሽጋችሁም። ውጤታቸው ወደዚያው ቢያዘነብልም፣ ለአንዲት የከፍታ ዘላይ ፍጹም ፈውስ ነው ብሎ ቃል መግባት አይገባም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ተኝታ ወይም ተቀምጣ፣ በሰው ፊት የሆድ አየር እንዳያመልጣት እንደምትቋጥረው አድርጋ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትስባለች። ከስድስት እስከ ስምንት ሰከንድ ይዛ ትለቃለች፤ የያዘችውን ያህል ታርፋለች። ይኸን ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ትደጋግማለች፤ በቀንም ሦስት ጊዜ ትሠራዋለች። ከሦስት ወር በፊት ለውጥ አላየሁም ብላ እንዳትተው አስቀድማችሁ ንገሯት፤ እናንተ አሠልጣኞች ደግሞ ጡንቻ በሳምንት እንደማይበረታ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። እስትንፋሷን መያዝ፣ መቀመጫዋንና ጭኗን መጭመቅ የለባትም። ሁሉም የሚሳሳትበት ግን ወደ ላይ መሳቡን ትቶ ወደ ታች ማማጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ አንድ ጥናት በቃል ብቻ ከተነገራቸው ሴቶች በትክክል የሠሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን፣ ሩቡ ደግሞ ማምለጡን ሊያብስ በሚችል መንገድ መሥራታቸውን አሳይቷል። ስለዚህ በሠለፍ አቁማችሁ «አንድ፣ ሁለት፣ ያዙ!» ብላችሁ ብቻ የምታስተምሩት አይደለም። ቢያንስ አንድ ጊዜ የሠለጠነች ነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ልታያት ይገባል። ሽንትን በመካከል እያቋረጡ መለማመድም ልማድ መሆን የለበትም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ቀላል ብልኃት አለ፤ ይኸውም ከማሳል ወይም ከመዝለል አንድ ቅጽበት ቀድሞ መቋጠር ነው። በዕድሜ በገፉ አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ጥናት ይኸን ብልኃት ለአንድ ሳምንት ብቻ የተማሩት በመጠነኛ ሳል ጊዜ የሚያመልጣቸው ሽንት በ98 በመቶ፣ በብርቱ ሳል ጊዜ ደግሞ በ73 በመቶ ቀንሷል። ልጆቹ በሳል ጀምረው፣ ከወንበር መነሣትን አስከትለው፣ ከዚያ በኋላ በትንሽ ዝላይ ይለማመዱት። ሯጭ ግን በየእርምጃዋ ልትቋጥር አትችልም፤ ለእርሷ ተስፋው ጡንቻው በርትቶ በራሱ እንዲሠራ ነው።

ያችም ልጅ ይኸንኑ ሠርታ በአምስተኛው ወር ተመልሳ መጣች። ማምለጡ ፈጽሞ አልቀረም፤ በከባድ ግጥሚያ መጨረሻ ላይ አሁንም ጠብ እንደሚላት ነገረችኝ። ሆኖም ውሃ ትጠጣለች፤ ከቡድኑም አልወጣችም።

ከእናንተ የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የሌለው ነገር ነው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ሽንት ቤት ይሂዱ፤ በመካከልም የጠየቀችውን «ለምን?» ሳትሉ ፍቀዱ። ምናልባት እንዳይመጣ እየተባለ በየሩብ ሰዓቱ መመላለስ ግን ፊኛውን ጥቂት ሽንት እንኳ እንዳይችል ያለማምደዋል፤ ይኸን ቀስ ብላችሁ አስረዷት። ውሃ መከልከል ከሁሉ የከፋ ነው፤ የወፈረ ሽንት ፊኛውን ያቃጥላል፣ ሯጯንም ይጥላታል። ልጆቹ ጠቆር ያለ ቁምጣ መልበስ ቢፈልጉ የቡድኑ መለያ ነጭ ነው ብላችሁ አትከልክሉ። በመድኃኒት ሣጥናችሁ ውስጥ ከፋሻና ከአልኮል ጎን አንድ ጥቅል ሞዴስ ይኑር፤ ሽንትን በደንብ የሚመጠው ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ቢሆንም ሞዴሱም ከምንም ይሻላል። ከባዱን የዝላይ ልምምድ ሰውነት በደከመበት ሰዓት አታድርጉት። ለጥቂት ሳምንታት በብስክሌት ወይም በፈጣን እርምጃ መተካትም ይቻላል። ስፖርቱን ማስተው ግን መፍትሔ አይደለም።

በየሰንበቱ ማለዳ በአደባባይ ኤሮቢክስ የምታሠሩ ደግሞ በመካከላችሁ አላችሁ፤ ከምታሠሯቸው እናቶች ውስጥ በቅርብ የወለዱ አይጠፉምና ጠይቁ። ከወሊድ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ሳይሞላ ወደ ሩጫና ወደ ዝላይ መመለስ አይመከርም፤ ከዚያም በኋላ ብልት ላይ ክብደት ወይም ወደ ታች የሚወርድ ነገር የሚሰማት ወደ ሐኪም ትሂድ።

ሳትዘልልም ሌት ተቀን የሚፈስሳት፣ ሲሸና የሚያቃጥላት፣ ደም ያየች፣ ትኩሳት ያላት፣ ወይም እግሯና መቀመጫዋ የደነዘዘባት ካለች ልምምድ እየሰጣችሁ አታቆዩአት፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ላኳት። ልምምዱ ላልረዳት ሴት በብልት ውስጥ የሚቀመጥ ደጋፊ ቀለበትና ቀዶ ሕክምናም አለ፤ ቀዶ ሕክምናው ግን የራሱ ጉዳት ስላለውና ገና ልትወልድ ለምታስብ ልጅ የሚቸኮልበት ስላልሆነ ከሐኪም ጋር በሰፊው የሚመከርበት ነገር ነው።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ በጎን ባለው ክፍል ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ሴቶች መምህራን ልምምዱን ራሳችሁ ሠርታችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ ሳይሠሩት ማስተማር አይቻልምና። ለወንዶቹ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ሌላ ሰዓት ተመድቧል። ጡንቻው በእናንተም ዘንድ አለ፤ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ላደረጉ ወንዶች የሚታዘዘውም ይኸው ልምምድ ነው።