ቁልፉ ዞሮ «ጠቅ» ብቻ

ሰኔና ሐምሌ የናይሮቢ ብርድ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። በከተማዋ ኪሌሌሽዋ ሰፈር የቆየ ናፍታ ቶዮታ ሃይሉክስ ያለው ሰው መኪናው በማለዳ አልነሳ ቢለው፣ ሞተሪኖውን ከማስፈታቱ በፊት ጆሮውን ይስጥ።

«ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ ከደጋገመና መብራቱ ከደበዘዘ፣ ጥርጣሬው ባትሪው ወይም የዛገው የገመድ ጫፍ ላይ ነው። ሙሉ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል።

አንዲት ጠንካራ «ጠቅ» ብቻ ከተሰማች ግን ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች፣ ሞተሪኖው ላይ ባለው ሶሌኖይድ ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተው ያልቃሉ። እነሱን ብቻ መቀየር አዲስ ሞተሪኖ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል፤ ይህን ሁሉም ጋራዥ ቀድሞ አይናገርም።

በመዶሻ መታ መታ ማድረግስ? ካርቦኑ ያለቀበትን ሞተሪኖ ለጊዜው ሊያስነሳ ይችላል፤ ማርሹ ግን ዜሮ ላይ መሆን አለበት።