ከጥላ ወደ ቁጥር፦ በሽታን በምስል ስለመመርመር
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከጥንት ጀምሮ ሐኪም የበሽተኛውን የውስጥ ሕመም የሚረዳው በመጠየቅ፣ በመዳሰስና በማዳመጥ ነበር። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ኤክስሬይን ካገኘ ወዲህ ግን የተሰበረ አጥንትና የታመመ ሳንባ ያለ ቀዶ ጥገና ለመታየት በቃ። ይሁን እንጂ የራጅ ፊልም የሚያሳየው ጥላን ነው። ከፊትና ከኋላ ያሉት አካላት በአንድ ገጽ ላይ ተደራርበው ያርፋሉ። ይልቁንም አንጎል በራስ ቅል ስለተከለለ በፊልሙ ላይ ተለይቶ አይታይም ነበር። በመሆኑም የአንጎል ዕጢ የተጠረጠረበት ሰው በወገቡ በኩል በመርፌ አየር እየገባለት፣ ብርቱ ራስ ምታት እየታገሠ ራጅ ይነሣ ነበር።

ይህን ስቃይ ያስቀረው ሐሳብ ከሁለት ሰዎች በየፊናቸው የመነጨ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው አለን ኮርማክ እ.ኤ.አ. በ1956 በኬፕ ታውን ከተማ በሚገኘው በግሩት ስኩር ሆስፒታል ሲሠራ ጥያቄውን አንሥቶ፣ የሒሳብ መፍትሔውን በ1963ና በ1964 አሳተመ፤ በጊዜው ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው። የኮርማክን ሥራ ያላወቀውና የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያልነበረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ደግሞ መሣሪያውን ሠራ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ቀጭን ጨረር በራስ ዙሪያ በ180 ማዕዘኖች እየዞረ፣ በያንዳንዱ ማዕዘን 160 ልኬቶች ይወስድ ነበር። ከተገኙት 28,800 ልኬቶች ኮምፒዩተሩ 6,400 ነጥቦች ያሉትን ምስል ያሰላ ነበር። የያንዳንዱ ነጥብ ድምቀት ቁጥር ነው፤ ዛሬ በሚሠራበት መለኪያ ውሃ 0፣ አየር ከ0 በታች 1,000 ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 በለንደን አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መሣሪያ ስትመረመር በአንጎሏ የተጠረጠረው ዕጢ በምስሉ ላይ ታየ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ሲቲ ስካን ዛሬ የሚሰጠው አገልግሎት በሽታን በማግኘት ብቻ አያበቃም። ድንገት ሰውነቱ ሽባ የሆነ በሽተኛ ሕመሙ ከደም መርጋት ወይስ ከደም መፍሰስ መምጣቱ ሳይለይ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ቢሰጠው ሊሞት ይችላል። እንዲሁም ዕጢው ከሕክምናው በፊትና በኋላ ሲለካ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ ይታወቃል።

እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ኃላፊነት ይመጣል። በመፈተሻው ዕቃ ውስጥ ያለው ውሃ 0 መሆኑ ቀርቶ ሌላ ቁጥር ቢያሳይ ምስሉ አምሮ ሊታይ ይችላል፤ የሐኪሙ ፍርድ ግን ይዛባል። በሽተኛው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ደግሞም የአንድ ራስ ምርመራ ጨረር ከአንድ የደረት ራጅ እጅግ ስለሚበልጥ፣ በመሣሪያ ጉድለት ምክንያት የሚደገም ምርመራ ሁሉ ዕዳው የሚወድቀው በበሽተኛው ላይ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ሲገዛ የመለዋወጫው፣ የኤሌክትሪኩና የሠለጠነው ጠጋኝ ነገር አብሮ ይታሰብ፤ የልኬቱም ፍተሻ መዝገብ ዘወትር ይጠበቅ።