ከቅቡ ሥር ያለው ቁጥር

አቅራቢው፦ በወላይታ ሶዶ ገበያ የኢትዮ ቴሌኮም የአየር ሰዓት ካርድ የገዛ ሰው፣ የካርዱን ብርማ ቅብ በሳንቲም ጠርዝ ፍቆ፣ ኅቡዕ የነበረውን ቁጥር ከኮከብ 805 ኮከብ ቀጥሎ አንድ በአንድ ጽፎ በመሰላል ምልክት ዘግቶ ሲደውል፣ ወረቀቱ በዚያች ቅጽበት ዋጋ ቢስ ሆኖ ሒሳቡ ወደ ስልኩ ይተላለፋል።

አቅራቢዋ፦ እውነት ነው፣ ወንድሜ፤ ዘወትር የሚያሳስበኝ ግን ቁጥሩን ቀድሞ የጻፈ ሁሉ ባለቤት መሆኑ ነው፤ ዐይናቸው የደከመ ወይም ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ከቦዲቲም ሆነ ከአረካ ለገበያ መጥተው፣ ካርዱን ለማያውቁት ወጣት «ሙላልኝ ልጄ» ብለው በእምነት ይሰጣሉና።

አቅራቢው፦ ስለዚህ አይደለምን፣ እህቴ፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ ቴሌብር፣ ያለ ካርድ የአየር ሰዓት ለመግዛት ማስቻሉ ታላቅ በረከት የሚሆነው?

አቅራቢዋ፦ ለእኛ አዎን፤ እነዚያ እናቶች ግን የቴሌብር የምስጢር ቁጥራቸውን ለሌላ ሰው ለመንገር ከተገደዱ፣ ለአደጋ የሚጋለጠው የአንድ ካርድ ዋጋ ሳይሆን ጠቅላላ ገንዘባቸው ነው። ስለዚህ ሻጩ ራሱ በፊታቸው ሞልቶ፣ በኮከብ 804 መሰላል የገባውን ሒሳብ በወላይትኛ አንብቦላቸው ሊሸኛቸው ይገባል እላለሁ።

አቅራቢው፦ ቅቡ በኃይል ሲፋቅ ቁጥሩ አብሮ ቢጠፋስ?

አቅራቢዋ፦ ካርዱን አይጣሉት፤ ተከታታይ ቁጥሩ እዚያው ታትሟልና፣ እርሱን ይዘው ወደ 994 ይደውሉ።