በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ራም ስለ መጨመር



አሮጌ ኮምፒዩተር ራም ሲጨመርለት ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደረጃው በወጣው በዲዲአር3 ግን ትርፉ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ባለ 1333ቱ በ9 ምት፣ ባለ 1600ው በ11 ምት መልስ ቢሰጡ፣ አንደኛው 13.5፣ ሁለተኛው 13.75 ናኖሰከንድ ይፈጃል፤ የሚያድገው በሰከንድ የሚጋዘው መረጃ ነው። ሁለቱ አብረው ሲሰኩ ማሽኑ እንደ ወትሮው በዝግተኛው ልክ ያስኬዳቸዋል፤ ደግ ያደርጋል። በግድ የሚያፋጥናቸው ሰው ማሽኑ ቀጥ ቢልበት ዕድለኛ ነው። የከፋው አንዲት ቢት ተገልብጣ የሒሳብ መዝገቡን ቁጥር በዝምታ ስትለውጥ ነው፤ ተራ ኮምፒዩተር ይህን የሚያርም ራም አብዛኛውን ጊዜ የለውምና። ስለሆነም ማሽኑ ወደ ሥራ ሳይመለስ በሜምቴስት86 ሌሊቱን ሙሉ ይፈተን፤ አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ ፍጥነቱ ይቀነስ፣ ካልሆነም ራሙ ይነቀል።